የአጥቢያው ኮንስታብል ወይስ የካውንቲው ፖሊስ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ ገጠር ቤቱ በሌሊት የተሰበረበት ገበሬ አቤት የሚለው ለአጥቢያው ኮንስታብል ነበር። ኮንስታብሉ ጫማ ሰፊ ወይም አናጺ ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ዓመት ተሹሞ፣ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ጎረቤት። ሰፈሩን ያውቃል። ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ አይቶ የማን ጫማ እንደሆነ ሊገምት ይችላል። ግን ሌባው የአጎቱ ልጅ ቢሆንስ? ክሱንም የሚያቀርበው በአብዛኛው ተበዳዩ ራሱ ነው፣ ወጪ አለው። ስለዚህ ባለንብረቶች መዋጮ እያዋጡ ማኅበር መሠረቱ፤ ሌባ ለጠቆመ ሽልማት እንደሚሰጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ ያሳትሙ ነበር። መዋጮው ከአቅሙ በላይ ለሆነ የቀን ሠራተኛ ግን ማኅበሩ ምኑም አልነበረም።

ደመወዝተኛውን፣ ደንብ ልብስ ለባሹን ፖሊስ እ.ኤ.አ. የ1839ኙ ሕግ ለፈለገ ካውንቲ (የእንግሊዝ የአስተዳደር ክፍል) ፈቀደ፤ በ1856 ግዴታ ሆነ። ግብር ከፋዩ በወጪው አጉረመረመ። ድሃውም አልወደደውም፤ ከ1862 ጀምሮ ፖሊሱ በሕገ ወጥ አደን የጠረጠረውን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ መፈተሽ ይችል ነበርና።

ለቤት ሰባሪ እኔ ፖሊሱን እመርጣለሁ፤ በ1837ቱ ሕግ ለቤት ሰበራ ወንጀል «ሌሊት» የሚባለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነበር፤ ጫማ ሰፊው በዚያ ሰዓት ተኝቷል።