ሬንጅ ሮቨር ወይስ ላንድክሩዘር፦ የድሬን ቤንዚንና የደንገጎን ዳገት የቱ ይችላል?

ያገለገለ ትልቅ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ የወንበሩን ቆዳ ከማየታችሁ በፊት የነዳጅ ክዳኑን ክፈቱ። ብዙዎቹ ላይ ከውስጥ በኩል 91 ወይም 95 የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ኦክቴን የሚባለው እሱ ነው። ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅና ሲግል፣ ያለ ካንዴላው እሳት በራሱ እንዳይፈነዳ ምን ያህል እንደሚታገሥ ይነግራችኋል። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉልበት የሚጨምር ይመስለዋል። አይጨምርም። 91 ለሚበቃው ሞተር 98 መስጠት ብር ማባከን ነው። 95 ለሚፈልግ ሞተር ያነሰ ስትሰጡት ግን ያንኳኳል።

ዱባይ ማደያ የገባ ሰው ከ91፣ ከ95 እና ከ98 ይመርጣል። እኛ ጋ የምንጠየቀው “ቤንዚን ወይስ ናፍጣ?” ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ነዳጅ የምንመርጠው መኪናውን የገዛን ቀን ነው፤ ባነሰ ኦክቴንም የሚሄድ መኪና ይሻለናል።

ቁጥሩን ስታነቡ አንድ ነገር እንዳያሳስታችሁ። አሜሪካኖች ኦክቴን የሚቆጥሩት በሌላ መንገድ ነው። የእነሱ 87 በባሕረ ሰላጤው አገሮች አቆጣጠር ወደ 91 ይጠጋል፤ የእነሱ 91 ደግሞ ወደ 95። መኪናው ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ቁጥሩን አትመኑ።

አሁን ወደ ሬንጅ ሮቨር እንምጣ። አጎቴ የ1998 ሞዴል፣ ባለ 4.6 ሊትር ቪ8 ገዛ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ስር ስትነዱት ቅቤ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡን ጭነን፣ ኤሲ ከፍተን ወደ ሐረር ወጣን። ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ዓይነት ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሐረር ስንገባ ድምፁ ጠፋ። አጎቴ መኪናው ራሱን ያዳነ መስሎት ደስ አለው። ሲመሽ ተመለስን። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ዳገት ላይ፣ በዚያው ሰዓት ድምፁ ተመለሰ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ሞተሩ የሚፈልገው ኦክቴንም ይወርዳል። ሙቀትና ሸክም ግን ፍላጎቱን ያንሩታል። በድሬ ፀሐይ፣ ከነሸክሙ፣ በዝግተኛ ዙር ዳገት መጀመር ለቤንዚን ሞተር ከባድ ፈተና ነው። ሐረር ላይ የተሞከረ መኪና ስለ ድሬ ብዙም አይነግራችሁም።

የ4.6ቱ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ የገባውን ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው፣ 9.35 ለ1 ነው፤ የሚፈልገውም 95 ነው። ሲያንኳኳ የሚሰማ ሴንሰር አለው። ኮምፒውተሩ ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ ወደኋላ ይጎትትና ሞተሩን ይጠብቃል፤ እናንተ ግን ጉልበት ታጣላችሁ፣ ፍጆታም ይጨምራል። ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት አይወድም። ራዲያተሩ ከደከመ ጣጣው ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታው መሀል ያለው ማሸጊያ) ድረስ ይሄዳል። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል ዲስትሪቢዩተር ስለሌለው መካኒክ በእጁ ታይሚንግ ሊቀንስለት አይችልም። ለአንዳንድ አገሮች የተሠራ ዝቅተኛ ኮምፕሬሽን ያለው ሞተርም አለ፣ በአነስተኛ ኦክቴን የሚሄድ። የኮምፕሬሽኑ ቁጥር ብሎኩ ላይ ከሞተር ቁጥሩ ጋር ተመትቷል። 8 ብሎ የሚጀምር ካገኛችሁ ለድሬ ይሻላችኋል።

የላንድክሩዘር ነገር ሌላ ነው። 80 የሚባለው ሞዴል፣ ባለ 4.5 ሊትር ቤንዚኑ፣ ኮምፕሬሽኑ 9 ለ1 ነው። ከሱ በኋላ የመጣው የ100 ሞዴል 4.7 ቪ8 ደግሞ 9.6 ለ1፣ ማለትም ከሬንጅ ሮቨሩም ይበልጣል። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ በ87 ይነዳል፣ በባሕረ ሰላጤው አቆጣጠር ወደ 91 ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ስላለው ካንዴላው መሀል ላይ ተቀምጧል። እሳቱ አጭር መንገድ ስለሚሄድ ቤንዚኑ በራሱ ለመፈንዳት ጊዜ አያገኝም። ኮምፕሬሽን ብቻውን አይፈርድም። መርሴዲስ ጂ 500 ግን 10 ለ1 ሆኖ 95 ይፈልጋል፤ ድሬ ላይ እኔ አልመክረውም።

ናፍጣ ከሆነ የኦክቴን ጭንቀት የለም። 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የላንድክሩዘር ሞተር ደንገጎን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ግን ይወጣል። የፊልትሮውን ውኃ በየጊዜው አፍስሱለት እንጂ ብዙ አይጠይቃችሁም። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጣው ባለ 4.5 ቪ8 ናፍጣ ግን በከፍተኛ ግፊት ስለሚረጭ ቆሻሻ ነዳጅ ኢንጀክተሩን ይበላዋል። እሱን ከገዛችሁ ጀሪካን አታስጠጉበት። ለቤንዚኖቹም ቢሆን ላምባ የገባበት የጀሪካን ቤንዚን ኦክቴኑ ይወርዳል።

በየቀኑ ድሬና ሐረር ለሚመላለስ ሰው ምርጫዬ ይኼ ነው፦ መጀመሪያ 4.2 ናፍጣ፣ ቤንዚን ካሰኘው ላንድክሩዘር። ሬንጅ ሮቨርን ለሚወድና ጠባዩን ለሚያውቅ ብቻ እተወዋለሁ።

ስትሞክሩ ሻጩ ከተማ ውስጥ ብቻ እንዲያዞራችሁ አትፍቀዱ። ቀትር ላይ፣ አራት ሰው ጭናችሁ፣ ኤሲ ከፍታችሁ ደንገጎ ውጡ። መስኮቱን ዝቅ አድርጉ፤ የገደሉ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ያሰማችኋል። ስትመለሱ ካንዴላ አስፈቱ። ነጩ ሸክላ ላይ ደቃቅ ብልጭ የሚሉ የአሉሚኒየም ፍንጣሪዎች ካያችሁ ፒስተኑ መበላት ጀምሯል፤ ዋጋ አትደራደሩ፣ ተዉት።

አጎቴ መኪናውን አልሸጠውም። አሁን ሐረር የሚሄደው ሳይሞቅ፣ በማለዳ ነው። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ኤሲውን ያጠፋል፣ ማርሹንም አስቀድሞ ያወርዳል።