አሮጌ መኪና እና ስልክ ላይ የሚነበብ ስካነር፦ ከወራት በኋላ ምን ታዘብኩ?

ዕቃው የክብሪት ቀፎ ያክላል። ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ ይሰካል፤ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል፤ አፑ ደግሞ የሞተሩን ኮምፒውተር ያነባል። ከርካሾቹ አንዱ ነው። መኪናዬ ዕድሜ የጠገበች፣ ባለ 4 ሲሊንደር ቤንዚን ናት። በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ኮይል (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ዕቃ) አለ።

ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁ ኦቢዲ 2 የሚባለው፣ መኪናዋ ራሷን የምትመረምርበት ሥርዓት እንዳላት አረጋግጡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አላቸው። አውሮፓ ውስጥ ለአዳዲስ ቤንዚን መኪኖች ግዴታ የሆነው ከ2001 ጀምሮ ነው። ሶኬቱ ስላለ ብቻ አትታለሉ። ቅርጹ ያው ሆኖ ከስካነሩ ጋር የማይግባቡ አሮጌ መኪኖች አሉ።

የገዛሁት ሞተሩ ሚስ ማድረግ (አንዱ ሲሊንደር ሳይቀጣጠል ተራውን መዝለል) ስለጀመረ ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይንተፋተፋል። ስካነሩ ፒ0302 የሚል የብልሽት ኮድ አሳየ። የመጨረሻው አሃዝ ሲሊንደሩን ነው የሚጠራው፤ 2ኛው ሚስ ያደርጋል ማለት ነው። ፒ0300 ካለ ግን አንዱን ለይቶ መጥራት አልቻለም።

ብዙ ሰው ዕቃውን ከአቅሙ በላይ የሚያምነው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ የካንዴላውን ብልጭታ አያይም። የሚያየው ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የክራንክ ዘንግ ፍጥነት ነው። አንድ ሲሊንደር በተቀጣጠለ ቁጥር ዘንጉ ለቅጽበት ፈጠን ይላል። ተራው ደርሶ ካልገፋ ክራንክ ሴንሰሩ ያቺን መዘግየት ይይዛታል። ኮምፒውተሩም የማን ተራ እንደነበር ቆጥሮ ይመዘግባል። ብልጭታ ጠፍቶ ይሁን፣ ነዳጅ ሳይደርስ ቀርቶ ይሁን፣ ቫልቭ ተቃጥሎ ኮምፕሬሽን ወርዶ ይሁን፣ ለእሱ ሁሉም ያው ነው። ፒ0302 ሲል «ካንዴላ ቀይር» አላለም።

ከኮዱ ይልቅ የጠቀመኝ አብሮት የተቀመጠው ፍሪዝ ፍሬም ነው። ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ያሳያል። የእኔው በደንብ ሞቆ፣ ጭነት በዝቶበት ነበር። ጭነት ሲበዛ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ብልጭታውም ለመዝለል ብዙ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የደከመ ኮይል የሚጋለጠው ያኔ ነው። ስለዚህ ኮድ ለማጥፋት አትቸኩሉ፤ ይሄም አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ።

ቀጥሎ ያደረግሁት ምንም አያስወጣም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የ2ኛውንና የ3ኛውን ኮይል አቀያየርኩ። ካንዴላዎቹን አልነካሁም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ከተዛወሩ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አይለይም። ኮዱን አጥፍቼ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። ፒ0303 መጣ። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው። ኮይሉን አውጥቼ የጎማ እግሩን በእጅ ባትሪ ሳየው፣ በውስጥ በኩል ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል። 2ኛው ሲሊንደር ላይ የቀረው ካንዴላ ነጭ ሸክላ ላይም ልክ ትይዩው አለ። ብልጭታው በጎን እየሾለከ ወደ ሞተሩ ብረት የሚያመልጥበት መንገድ ነበር። አዲስ ኮይል እንዲህ ባለ ካንዴላ ላይ መግጠም አዲሱንም ማቃጠል ነው። ሁለቱንም ቀየርኩ።

በነገራችን ላይ፣ ቼክ ኢንጂን መብራቱ ዝም ብሎ ከበራ ጊዜ አላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጽጃ) ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል።

ስካነሩን የወደድኩት ግን ከወራት በኋላ ነው። ዳገት ላይ ሰላም ሆና ሳለ ሚኒሞ ላይ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች። አሁን ሁለት ኮድ መጣ፦ ፒ0300 እና ፒ0171። ሁለተኛው ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል ይላል። ኮድ ብቻ የሚያነብ ዕቃ የያዘ ሰው እዚህ ጋ ኢንጀክተር ያሳጥባል፣ ሴንሰር ይገዛል። እኔ ፊውል ትሪም የሚባለውን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ ያሳያል። ሚኒሞ ላይ ከ20 በላይ እየጨመረ ነው። በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ 4 ወረደ። ይህ የሆነ ቦታ አየር እንደሚሾልክ ይጠቁማል። በስንጥቅ የሚገባ አየር ሚኒሞ ላይ ድርሻው ትልቅ ነው፤ ስሮትሉ ሲከፈት ግን ከቁጥር አይገባም። ፓምፑ ወይም ፊልትሮው ደክሞ ቢሆን ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ጭነት ሲጨምር ይብስበታል።

ስልኩን ኮፈኑ ሥር አስደግፌ ሞተሩ አየር የሚስብባቸውን የቫኪዩም ቱቦዎች አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ እያደረግሁ ቁጥሩን ተከታተልኩ። ወደ ፍሬን የሚሄደው፣ ምንም። ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ሥር ያለችውን አጭር ጎማ ስይዛት ቁጥሩ ቁልቁል ሄደ፤ የሞተሩም ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። በታች በኩል ተሰንጥቃለች። ከላይ ለሚያያት ደህና ናት። ስንጥቅ ለመፈለግ ተቀጣጣይ ስፕሬይ በጋለ ሞተር ላይ የሚነፉ አሉ፤ እሳት ነውና እኔ አልወደውም።

አሁን ወደ ምሬቴ። በአሮጌ መኪና ላይ ቀርፋፋ ነው። ጥፋቱ የዕቃው ብቻ አይደለም፤ የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ራሳቸው መረጃ የሚልኩት በዝግታ ነው። ሦስት አራት ነገር አንድ ላይ ከከፈታችሁ ግራፉ ይንቀራፈፋል፤ አንዲት ሚስ ሳትታይ ታልፋለች። በየሲሊንደሩ ስንት ጊዜ ሚስ እንዳደረገ የሚቆጥረው ገጽም የእኔ መኪና ላይ ባዶ ነው። ሶኬቱ ቁልፍ ከተነቀለም በኋላ ኃይል ስላለው፣ መኪናዋ ለቀናት ከቆመች ስካነሩ የመኪናዋን ባትሪ ሊጨርስ ይችላል። እኔ ሥራዬን ስጨርስ እነቅለዋለሁ፤ ጉልበቴንም ስለሚነካኝ ቅር አይለኝም። አይፎን ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ክላሲክ በሚባለው የቆየ ብሉቱዝ የሚሠሩት ለአንድሮይድ እንጂ ለእናንተ አይሆኑም።

ስካነሩ ኮምፕሬሽንንም (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) አይለካም። ኮይል፣ ካንዴላና ኢንጀክተር ተዛውረው ኮዱ ከቦታው ንቅንቅ ካላለ፣ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ተውሶ መለካት ግድ ነው። ጋራዥ ያለ መካኒክ ያንን በቀላሉ ይሠራዋል።

ትሪሙ አሁን 3 አካባቢ ቆሟል፤ ሚኒሞውም ተስተካክሏል። ግን ከካታሊስቱ በኋላ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ስከፍት፣ ከፊተኛው እኩል ሲዋዥቅ አየዋለሁ። ካታሊስቱ ጤነኛ ቢሆን መስመሩ ረጋ ይል ነበር። ኮድ ገና አልመጣም። ከመጣ ፒ0420፣ ማለትም የካታሊስቱ ብቃት ወርዷል የሚለው፣ እንደሚሆን ከወዲሁ ጠርጥሬያለሁ።