መርፌዬን ይዤ የሄድኩበት መነጽር ቤት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ መነጽር ቤት ያሠራሁትን የቅርብ መነጽር ይኸው አራት ወር ተጠቀምኩበት። በእጃቸው ሠርተው ለሚያድሩ፣ ዕድሜያቸውም 40ን ለተሻገረ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

46 ዓመቴ ነው። የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ጥልፉንም በእጄ እጠልፋለሁ። ነገሩ የጀመረኝ በመርፌ ነው። የክሩን ጫፍ በምራቄ አርጥቤ ሳስጠጋው ቀዳዳው ይደበዝዝብኛል፤ መርፌውን ሳርቀው ይጠራል፣ ግን እጄ ተዘርግቶ ያልቃል። ጠዋት በመስኮት ብርሃን የቻልኩትን ማታ በአምፖል እስታለሁ። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ መስፋትማ ጭራሽ ተውኩት። የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አምስት ስድስት መርፌ አሹልካ ጨርቅ ላይ ሰክታልኝ ትሄድ ነበር።

መጀመሪያ ከመንገድ ዳር ዝግጁ መነጽር ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላ ከሰዓት በኋላ ግንባሬን ይወቅረኝ ጀመር። የዝግጁ መነጽር ሁለቱም መስታወት እኩል ኃይል ነው ያለው፤ የእኔ ዓይኖች ግን እኩል አልነበሩም።

መነጽር ቤት የሚለካው ወጣት ገና ከመቀመጤ «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ። ስነግረው «እንግዲያው ነገ መርፌዎንና ጨርቅዎን ይዘው ይምጡ» ብሎ ሸኘኝ። የሥራ ቀኔ በመባከኑ ተናድጄ ነበር። በማግስቱ እየጠለፍኩ ሳለ ከዓይኔ እስከ ጨርቁ ያለውን በሜትር ለካው፤ 33 ሴንቲ ሜትር። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ ይይዛል፤ ሥራው በቀረበ ቁጥር የመስታወቱ ኃይል መጨመር አለበት። የመስታወቱ ኃይል ቁጥር ለቀኝ ዓይኔ ፕላስ 1.75፣ ለግራው ፕላስ 2.25 ሆነ።

«አብሽሩ እትዬ፣ በሽታ አይደለም» አለኝ። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ስለሆነ ቅርብ ስናይ ወፈር ይላል፤ ዕድሜ ሲገፋ እየጠጠረ ይሄድና መወፈር ያቅተዋል። ብዙ ሰው ከ40 እስከ 45 ባለው ጊዜ ያውቀዋል፣ እስከ 60 ገደማም ይቀጥላል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና መለካት አለብኝ። መነጽር ዓይን ያሰንፋል የሚለውን የሰፈር ወሬ አምኜ ዓመት ሙሉ መታገሴ ይቆጨኛል፤ መነጽር ባደርግም ባላደርግም የዓይኔ ሌንስ ይጠጥራል።

ከሁሉ ያከበርኩት ግን ስለ ቤተሰቤ መጠየቁን ነው። እናቴ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት በግላኮማ መሆኑን ስነግረው የዓይን ግፊት መለኪያ እንደሌለው ገልጾ፣ አንድ ብር ሳይቀበል ሆስፒታል ሄጄ እንድታይ ጻፈልኝ። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ሳያም ከዳር ጀምሮ እይታን ይበላል፤ የጠፋውም አይመለስም። ተመርምሬ ደህና መሆኔን ከሰማሁ በኋላ ነው መነጽሩን ያዘዝኩት።

ጉድለትም አለው። በአምስት ቀን ይደርሳል የተባለው በ12 ቀን ደረሰ። የፍሬም ምርጫው ጥቂት ነው፤ የያዝኩትም ላብ ሲነካው ከአፍንጫዬ ይንሸራተታል። መነጽሩን እንዳደረግሁ በመስኮት የጦሳን ተራራ ቀና ብዬ ሳየው ጭጋግ የወረደበት ይመስለኛል፤ ይህ የቅርብ መነጽር ጠባይ ስለሆነ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማታ በጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር ዘመዘምኩ፤ መርፌውን ያሾለክሁትም እኔው ነኝ። የሲንጀሯ መርፌ ግን ራቅ ስለሚል በዚህ መነጽር ጎንበስ ማለት ግድ ይለኛል። ለእርሷ ዝቅ ያለ ቁጥር እንደሚያስፈልግ ልጁ ነግሮኛል፤ ለኢድ የታዘዙትን ቀሚሶች አስረክቤ ክፍያዬን ስቀበል ተመልሼ እሄዳለሁ።