ስድስት ወር ኢንተርሎክ ስነፋ ያየሁት

ቅዳሜ ዕለት የትንፋሽ አልኮል መለኪያው ማሽን ከመኪናዬ ወጣ። ባለሙያው ሽቦውን ፈትቶ ካርቶን ውስጥ ከተተው፣ እኔም ፈርሜ ወጣሁ። ሲገጠምልኝ ስለዚህ ዕቃ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አጥቼ ነበር፤ እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ለሚኖር ወገኔ ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ኢንተርሎክ ይባላል። እንደ ድሮ ሞባይል ወፈር ያለ ነው፤ በተጠቀለለ ገመድ ከመኪናው ማስነሻ ጋር ይያያዛል፤ ጫፉ ላይ የላስቲክ መንፊያ አለው። የእኔው የነፊውን ፎቶ የሚያነሳ ካሜራም ነበረው። በትንፋሻችሁ የሚለካው የደማችሁ አልኮል መጠን ከ0.02 በመቶ ካለፈ መኪናው አይነሳም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከጁላይ 2012 ወዲህ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው፣ የመጀመሪያው ቢሆንም እንኳ፣ በተገደበ መንጃ ፈቃድ ለመንዳት ከፈለገ ይሄን ማስገጠም ግዴታው ነው። ቢያንስ 6 ተከታታይ ወር፣ ያለ አንድም ጥፋት።

እኔ እዚህ የደረስኩት ከመልስ ግብዣ ነው። ባለፈው ጁላይ የባለቤቴ ዘመድ ሰርግ ነበር። ሦስት ብርሌ ጠጅ መጠጣቴን አስታውሳለሁ፤ አራተኛው ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። ደህና በልቻለሁ፣ ቤቴም 15 ደቂቃ ነው ብዬ ተነሳሁ። ሊስበርግ ፓይክ ላይ መስመር ስስት ፖሊስ መብራቱን አበራብኝ። ጣቢያ ስነፋ 0.11 አሳየ። የሕጉ ልክ 0.08 ነው፤ ከዚያ በታች ሆናችሁም አነዳዳችሁ መጠጡን ካሳየ ትከሰሳላችሁ። ልጄ ከኋላ ወንበር ብትኖር ኖሮ በቅጣቱ ላይ ቢያንስ 5 ቀን እስር ይጨመር ነበር። ጠበቃዬ ይሄን ሲነግረኝ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ያን ቀን ልትመጣ ለብሳ ተዘጋጅታ፣ አሞኛል ብላ ነው የቀረችው።

ፈቃዴን እዚያው ለ7 ቀን ያዙት። ኦክቶበር ላይ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ለመጀመሪያ ጥፋት መቀጮው ከ250 እስከ 2,500 ዶላር ነው፣ እስሩ እስከ 12 ወር ሊደርስ ይችላል፣ ፈቃድ ለ1 ዓመት ይታገዳል። እኔ 500 ዶላር ተቀጣሁ፤ እስሩን በገደብ አደረጉልኝ፤ ለሥራና ልጄን ትምህርት ቤት ለማድረስ ብቻ የተገደበ ፈቃድ ሰጡኝ። 0.15 ቢሆን ኖሮ ዳኛው ሊምሩት የማይችሉት 5 ቀን እስር ነበረ፤ ከ0.20 በላይ ሲሆን 10 ቀን ይሆናል። በ5 ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ቢያንስ 20 ቀን ይታሰራል፣ 3 ዓመት አይነዳም። በ10 ዓመት ውስጥ ሦስተኛው ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል ነው። «ታዲያ ባልነፋስ?» ብለው የጠየቁኝ ጓደኞች አሉ። አልነፋም ማለት ለብቻው ፈቃድ ለ1 ዓመት ያሳግዳል።

ግሪን ካርድ ይዛችሁ ዜግነት የምትጠብቁ ደግሞ ይሄን ለይታችሁ ያዙት። በ2019 ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በወጣ የኢሚግሬሽን ውሳኔ፣ መልካም ሥነ ምግባር በሚመረመርበት ዘመን ውስጥ ሁለት ጊዜ በዚህ የተፈረደበት ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል። እንዳለው ማስረዳት የእሱ ፈንታ ነው።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። የእኔው ዝም ብሎ መንፋት አይበቃውም፤ እየነፋችሁ «እምምም» ማለት አለባችሁ። ትንሽ ካጠረ ወይም ከበዛ «እንደገና» ይላል። ጃንዋሪ ላይ ጠዋት እስኪሞቅ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ሥራ በፈረንጆቹ ሰዓት ከጠዋቱ 6 ከገባችሁ ቀደም ብላችሁ ውረዱ። ምግብ በልታችሁ ወይም አፋችሁን በመድኃኒት ተጉመጥምጣችሁ ወዲያው አትንፉ፤ በውኃ ተጉመጥመጡና 15 ደቂቃ ቆዩ። ይሄ ምክር የባለሙያው ነው፣ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ከባዱ ግን መንገድ ላይ የሚመጣው ነው። መኪናው ከተነሳ በኋላም በመሀል ይጮኻል፣ እንደገና ንፉ ይላችኋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል። ባትነፉ ሞተሩን አያጠፋም፤ ይመዘግባችኋል። 395 ሀይዌይ ላይ ትራፊክ መሀል ሲጮህ ላብ አስመጥቶኛል። ከጊዜ በኋላ ወደ ዳር ወጥቼ ቆሜ መንፋት ለመድኩ።

ቤት ውስጥ ደግሞ መኪናችን አንድ ናት። ባለቤቴ የአልኮል ጠብታ ቀምሳ አታውቅም፤ ግን ሌሊት ሥራዋ ለመሄድ ስድስት ወር ሙሉ እሷም ነፍታለች። አንድ ቀን አልተማረረችም። እኔን ከመቀጮውም ከእስሩም በላይ የጎዳኝ ያ ነው። አንድ ወዳጄ በቅንነት «ባይሆን እኔ ልንፋልህ» ብሎኝ ነበር፤ ኢንተርሎክ የታዘዘበት ሰው እንዲነዳ ነፍቶለት ማስነሳት በራሱ እስከ 12 ወር የሚያሳስር ወንጀል ነው። ማንም ለማንም አይንፋ።

የእኔ ወጪ እንዲህ ነበር፦ ማስገጠሚያው 65፣ በየወሩ 80 ዶላር ገደማ፣ ከዚያ ላይ ለቫሳፕ 300 ዶላር። ቫሳፕ ማለት የመንግሥት የአልኮል ትምህርትና ክትትል ፕሮግራም ነው፤ አሥር ሳምንት ተማርኩ፣ ከክፍያው ሁሉ የማልቆጨው በዚህ ነው። ኢንሹራንሱ ግን ይከብዳል። ለ3 ዓመት ኤፍአር-44 የሚባል፣ የኃላፊነት ሽፋኑ ከተለመደው ዝቅተኛ እጥፍ የሆነ ኢንሹራንስ ያዝዛሉ። የእኔ ከ140 ወደ 290 ዶላር በወር ወጣ። ጥፋቱ ደግሞ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቀመጣል።

ማሽኑን ስመዝነው ሥራውን በትክክል የሚሠራ ዕቃ ነው። አንድም ጊዜ በሐሰት አልከሰሰኝም። ቅዳሜ ማታ አንድ ቢራ ብቻ ብዬ ሳስብ፣ እሑድ ጠዋት ልጄን ቤተ ክርስቲያን ማድረሴ ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ። የገጠመልኝን ሱቅ ግን ለማንም አልመክርም። በየ30 ቀኑ ማስመርመር ግዴታ ነው፤ ቀጠሮ ይዤ ሄጄ ሁለት ሰዓት ቆሜአለሁ፣ ስልክ አያነሱም፣ መመሪያው ያለው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው።

ይሄ መመሪያ ሰው ሲጎዳ በዓይኔ አይቻለሁ። መጋቢት ላይ ወረፋ ስጠብቅ አንድ አዛውንት ወረቀት ይዘው ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር መንገድ ላይ ሲጮህ ምን ማለቱ ነው?» አሉኝ። ጋሼ መጀመሪያ ነፍተው መኪናው ከተነሳ አበቃ መስሏቸው ድምፁን እያለፉ ሲነዱ ኖረዋል። ያለፉት ሁሉ ተመዝግቦ፣ አራት ወር ከጨረሱ በኋላ ቆጠራው እንደ አዲስ ከአንድ ጀመረባቸው። አልኮል አልቀመሱም፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ቃል በቃል አነበብኩላቸው፣ ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን «እምምም» እያልን ተለማመድን።

ልታስገጥሙ የምትሄዱ፣ እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ የሚተረጉም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከመፈረማችሁ በፊት የመንገድ ላይ ንፊያውን ባለሙያው አስነፍቶ ያሳያችሁ። ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ። ስታስወጡትም ከቫሳፕ የፈቃድ ደብዳቤ ሳይመጣ አይፈቱላችሁም፤ እኔ ይሄን ባለማወቄ አንድ ሳምንት ተጨማሪ ነፍቻለሁ።

ጋሼ ገና አራት ወር ይቀራቸዋል። በወር አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው እሄዳለሁ።