የአንጎል ደም ስር ኤም አር አይ በሐዋሳ፦ ምስሉ ጥሩ ነው፣ ሪፖርቱ ይጎድለዋል

በሐዋሳ አንድ የግል ምርመራ ማዕከል ያለ ኮንትራስት (ደም ስርን አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት) የሚሠራው የአንጎል ደም ስር ኤም አር አይ ጥራቱ ያስደስታል። ባለሙያዎቹ ታካሚው እንዳይንቀሳቀስ በትዕግሥት ያስረዳሉ፤ ከፊልሙ ጋር ሲዲም ይሰጣሉ። ሲዲውን ሳትቀበሉ አትውጡ። ፊልሙ ላይ የሚታተመው ተጠቃልሎ የተሠራው ምስል ስለሆነ ቀጫጭን ደም ስሮች ይጠፉበታል።

ሪፖርቱ ግን ከምስሉ ያንሳል። በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ አልፈው ወደ አንጎል ከሚወጡት ሁለት ደም ስሮች፣ ከቨርቴብራል አርተሪዎች፣ አንዱ ቀጥኖ ሲታይ «ተዘግቷል» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። የብዙ ሰው ሁለት ቨርቴብራሎች እኩል አይደሉም፤ በአብዛኛው ግራው ይወፍራል። ቀጭኑ አንዳንዴ ባዚላርን (ሁለቱ ቨርቴብራሎች ተገናኝተው የሚሠሩትን ደም ስር) ሳይቀላቀል ለትንሹ አንጎል ቅርንጫፍ ሰጥቶ እዚያው ያበቃል። ይህ ምርመራ የሚያሳየው የሚፈስን ደም እንጂ የደም ስሩን ግድግዳ አይደለም፤ ፍሰቱ ሲዘገይ ያለው ደም ስር የሌለ ይመስላል። ለመለየት በሲቲ ስካን የአንገት አጥንቶቹን ቀዳዳ ማየት ይረዳል፦ በዚያ በኩል ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ደም ስሩ ከተፈጥሮው ቀጭን መሆኑን ይጠቁማል። ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ደም ካልታየ መዘጋት ወይም የግድግዳ መሰንጠቅ ይጠርጠር፤ ያኔ የስብን ብርሃን የሚያጠፋ፣ ቲ1 የሚባል የኤም አር አይ ምስል ይጨመር።

የኋላውን አንጎል የሚመግበው አርተሪ ከካሮቲድ (በአንገት ፊት በኩል ወደ አንጎል ከሚወጣው ትልቅ ደም ስር) የሚነሳባቸው ሰዎችም ብርቅ አይደሉም። ሪፖርቱ ይህን ዝም ካለ፣ ዓይን የጋረደ ስትሮክ የመጣው ከአንገት ካሮቲድ ጥበት ሆኖ ሳለ ሐኪሙ ምንጩን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ከ1000 ሰው ከ1 እስከ 6 በሚሆኑት ላይ የሚገኘው፣ ከጽንስ ዘመን የቀረው፣ ካሮቲድን ከባዚላር የሚያገናኘው ትራይጀሚናል አርተሪም መጻፍ አለበት፤ በአፍንጫ በኩል የፒቱታሪ ዕጢ (በአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ) ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው የሕይወት ጉዳይ ነው።

በኮንትራስት ሲቲ የምታዝዙ ሐኪሞች «ከአኦርታ ቅስት (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ስር ከሚታጠፍበት) እስከ አናት» ብላችሁ ጻፉ። ከ100 ሰው በ5ቱ ገደማ ግራው ቨርቴብራል በቀጥታ ከቅስቱ ስለሚነሳ፣ ከራስ ቅል ሥር የሚጀምር ምስል መነሻውን አያሳይም። የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒን፣ ቀድሞ ይታይ። ኮንትራስቱ የሚሰጥበት ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) 18 ወይም 20 ቁጥር ሆኖ ቀኝ ክንድ ላይ ይተከል፤ ግራ ላይ ከሆነ ወፍራሙ ኮንትራስት በቅስቱ ፊት ሲያልፍ ምስሉን ያበላሻል።

ከዲላም ሆነ ከይርጋለም የሚመጣ ታካሚ ሲዲውን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስከፍቶ፣ ያልተጠቃለሉት ቀጫጭን ቁርጥራጭ ምስሎች በሙሉ መኖራቸውን አይቶ ይውጣ።