ጅቡቲ ያቆምናት ባለ ሸራ ጀልባ፣ ከ8 ወር በኋላ

"ስቴንለስ ነው፣ አይዝግም" ያለኝን የጀልባ ሻጭ አሁን ባገኘው ያቺን የምሰሶ ሽቦ በእጁ ነበር የማስይዘው።

ጀልባዋን መስከረም ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተካፍለን ነው የገዛናት፣ ያገለገለች፣ 7 ሜትር አካባቢ፣ አንድ ምሰሶ ሁለት ሸራ። ስራዬ ትራንዚት ስለሆነ ከድሬ ጅቡቲ እመላለሳለሁ፣ እዛ እረፍቱ አርብና ቅዳሜ ስለሆነ በባቡር ወርጄ እሷ ላይ ነኝ። ሞተሩም መኝታውም ደህና ነው።

ነገሩ የሆነው ጥር ላይ ነው። ከከተማው ወደ ሙሻ ደሴት ወጣን፣ 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በብርዱ ወራት ንፋሱ ከምስራቅ ስለሚመጣ ወደ ሰሜን ስትሄድ በቀኝ ጎንህ ይገባል፣ ሸራውን ትንሽ ለቀቅ ካረክላት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያለ ሞተር ትሄዳለች፣ መሪውን በሁለት ጣት ነው የምይዘው። አቦ እንዴት ደስ ይላል! ደሴቷ ጋ መልህቅ ጥለን ሸራ ስንሰበስብ ጓደኛዬ ምሰሶውን በቀኝ የወጠረውን ሽቦ ያዝ ሲያደርግ መዳፉን ወጋው። ሽቦው ከተገመደባቸው 19 ቀጭን ክሮች አንዱ ተበጥሶ ወደ ውጪ ቆሟል፣ ያውም ታች፣ ጫፉን ጨፍልቆ የያዘው የብረት ቱቦ ውስጥ በሚገባበት ቦታ። ስንመጣ ንፋሱ በቀኝ ስለነበር ያ ሁሉ ጉልበት ያረፈው እሱ ላይ ነው፣ ቢበጠስ ምሰሶው ላያችን ላይ ነበር።

ደግነቱ ስንመለስ ንፋሱ በግራ ነው፣ ጭነቱ ወደ ግራዎቹ ሽቦዎች ይዞራል፣ የቀኙ ላላ ይላል። ትልቁን ሸራ አሳነስን፣ ከምሰሶው አናት የሚወርደውን ትርፍ ገመድ በቀኝ በኩል ወጥረን አሰርን፣ ቀስ ብለን ገባን።

ሽቦውን ፈትቼ ድሬ ይዤው መጣሁ፣ ከዚራ ሰፈር የማውቃቸው የቶርኖ ባለሙያ ጋ። "ጋሼ ይሄ እኮ ስቴንለስ ነው" አልኳቸው። ቱቦውን በመጋዝ ሰንጥቀው አሳዩኝ፣ ውስጡ ቡናማ ሆኗል። "ልጄ፣ ስቴንለስም አየር ካጣ ይበላል" አሉኝ። ስቴንለስን የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው፣ ሽፋኑ ሲጎዳ ራሱን የሚጠግነው በኦክስጅን ነው፣ ጨዋማ ውሃ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ሲተኛ ግን ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ጨው ደግሞ ሽፋኑን ይበሳዋል። ከውጪ ስታየው ያብረቀርቃል! በጅቡቲ ሙቀት ውሃው ይተናል ጨው ይቀራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይረጥባል።

ስገዛ ሻጩን "ሽቦዎቹ ስንት አመታቸው ነው?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። "አዲስ በላቸው" አለኝ። አዲስ ከሆኑ የታል ደረሰኙ ወንድሜ? ሽቦ 10 አመት ሲሞላው ብዙ ሰው ደህና ቢመስልም ይቀይረዋል፣ አንተ ግን ቀለም ቀብተህ ስለ ትራሱ ጨርቅ ስታወራኝ ዋልክ። እኔም ሽቦዎቹን በደንብ ሳላይ መክፈሌ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ምሰሶውን የወጠሩትን ስድስቱንም ሽቦዎች ቀየርን፣ አብረው ነዋ ያረጁት። 316 የሚባለውን የስቴንለስ አይነት ገዛን፣ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ስላለበት ጨውን 304 ከሚባለው አይነት በተሻለ ይችላል፣ የጫፉንም ቱቦ ተጨፍልቆ የሚቀረውን ትተን በመፍቻ ተከፍቶ ውስጡ የሚታየውን አደረግን። ወጪው ጎድቶናል፣ ግን ሰኔ ሲገባ ካምሲን የሚሉት ሞቃት ንፋስ ከምዕራብ አሸዋ ይዞ ስለሚነሳ በድሮው ሽቦ ልጠብቀው አልችልም ነበር። ጀልባዋን ሽጣት የሚሉኝ አሉ፣ አልሸጣትም፣ እሷ ምንም አላጠፋችም።

አሁን ከመውጣታችን በፊት ጥጥ ይዤ ሽቦዎቹን አሻለሁ፣ የተበጠሰ ክር ካለ ጥጡን ይይዘዋል። ባለፈው አርብ ስድስቱንም አሸሁ፣ ምንም አልያዘም፣ ወደ ሙሻ ወጣን።