ለሳይቶሎጂ ክፍላችን የትኛውን መጽሔት እንግዛ?

በደብረ ብርሃንና በአካባቢው በፓቶሎጂ ሥራ ላይ ያለን፣ በተለይም በሳይቶሎጂ (ሴሎችን በማይክሮስኮፕ አይቶ ሕመምን በመለየት) የምንሠራ ባለሙያዎች በየዓመቱ የበጀት ጊዜ ሲደርስ፣ ለመጽሔት የምትመደበው ጥቂት ገንዘብ የትኛው ላይ ብትውል ይሻላል እያልን እንመካከራለን። መልሱ የሚገኘው ከመጽሔቱ ዝና ሳይሆን በየቀኑ ከምናየው ስላይድ ነው።

ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴና ከይፋት የሚመጡ ታካሚዎች በቀጭን መርፌ ናሙና የሚሰጡት በብዛት ለአንገት ንፍፊት፣ ለእንቅርትና ለጡት እብጠት ነው። ከንፍፊቱ አይብ የመሰለ መግል ከወጣ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ልክ እንሆናለን። ነገር ግን ከትናንሾቹ ሊምፎሳይቶች (ነጭ የደም ሴሎች) መካከል ሁለት አስኳል ያለው፣ በየአስኳሉም ውስጥ ጎላ ያለ ነጥብ የሚታይበት አንድ ትልቅ ሴል ቢገኝ የሆጅኪን ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር ዓይነት) መጠርጠር አለበት፤ ይህ ሴል የታለፈበት ታካሚ ወራት የሚወስድ የቲቢ መድኃኒት ያለ ጥቅም ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ እኔ የማስቀድመው አክታ ሳይቶሎጂካን ነው። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተም የዓለም አቀፉ የሳይቶሎጂ አካዳሚ መጽሔት ሲሆን፣ የንፍፊት ናሙና ውጤት እንዴት እንደሚመደብና እንደሚጻፍ የሚያሳየው የሲድኒ ሥርዓት በ2020 እ.ኤ.አ. የቀረበው በዚሁ መጽሔት ነው። የጡቱ የዮኮሃማ ሥርዓትም በዚያው ወጥቷል። ሪፖርታችን ለሚደርሰው ቀዶ ሐኪም ግልጽ እንዲሆን እነዚህ ሁለቱ ብቻ እንኳ ብዙ ያግዛሉ።

ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው ዲያግኖስቲክ ሳይቶፓቶሎጂ ደግሞ ብርቅ የሆኑ ሕመሞችን ከነፎቶግራፋቸው ስለሚያቀርብ ለሚማሩ ሬዚደንቶች ጥሩ ነው። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር የሚያወጣው ካንሰር ሳይቶፓቶሎጂ ጥራቱ የማያጠያይቅ ቢሆንም፣ በናሙና ላይ ስለሚሠሩ የሞለኪውል ምርመራዎች የሚያወጣቸው ጽሑፎች መሣሪያው ለሌለን ለእኛ ለጊዜው ከንባብ አያልፉም። በየትኛውም መጽሔት ስለ ፓፕ ምርመራ (ከማኅፀን በር የተወሰዱ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ስለማየት) የሚጻፈው ብዙ ነው፤ በአገራችን የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ግን በአመዛኙ አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በማየት የቆየ ስለሆነ፣ በዚያ ብዛት ተስቦ መግዛት አያስፈልግም።

ሳይቶጆርናል የተለየ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ለአንባቢ በነጻ ክፍት ሆኖ ስለሆነ በጀት የሌለው ጤና ተቋም ዛሬውኑ ሊያነበው ይችላል። ጽሑፍ ለማሳተም ያሰበ ግን የአሳታሚውን ክፍያ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከሁሉም በፊት፣ ገንዘብ ሳይወጣ መታየት ያለበት ሂናሪ የተባለው፣ የሕክምና መጽሔቶችን በኢንተርኔት የሚያስነብብ አገልግሎት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ አገልግሎት ለኢትዮጵያ ተቋማት በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ነው። በማውቀው አንድ ክፍል የይለፍ ቃሉን የያዘው ባልደረባ ተዛውሮ ሲሄድ ለማንም ሳያስረክብ በመቅረቱ፣ በነጻ ይገኝ ለነበረ መጽሔት ግዢ ተጠይቆበታል። ቃሉ በቤተ መጻሕፍት ኃላፊው እጅ ይቀመጥ፤ የምትፈልጓቸው መጽሔቶች በዚያ መከፈታቸውም አንድ በአንድ ይሞከር፤ ያልተከፈተው ብቻ ወደ ግዢ ዝርዝር ይግባ። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ላላችሁ ደግሞ፣ የሲድኒውን ሠንጠረዥ አትማችሁ ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፉት።